በማቴራ ዋሻ ሦስት ሌሊት

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሄድ አዲስ ነገር አያለሁ ብሎ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ግን ሩቅ አገር ደርሶ የሚያገኘው ከቤቱ ሲወጣ ጥሎት የመጣውን ነው። በደቡብ ኢጣልያ ማቴራ በምትባል የድንጋይ ከተማ፣ ከዋሻ በተሠራች አንዲት ትንሽ ሆቴል ባደርሁባቸው ሦስት ሌሊቶች እኔን የገጠመኝም ይኸው ነው። የማነሣው ስለ ሆቴል ነው፤ ሆኖም ሆቴሉ ቀድሞ የማን ቤት እንደ ነበረ ሳልናገር ስለ ሆቴሉ ብቻ ለመናገር ስላልቻልሁ አንባቢ ትዕግሥት እንዲያደርግልኝ እለምናለሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኅዳር ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ባሪ ሄጄ ነበር። ሥራው ሲያበቃ ሦስት ቀን ተረፈኝ። የሥዕል መምህር እንደ መሆኔ መጠን የካርሎ ሌቪን ትልቅ ሥዕል ለማየት የቆየ ምኞት ስለ ነበረኝ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ መሀል አገር በጠባብ ሐዲድ የምታዘግመውን ትንሽ ባቡር ተሳፍሬ ማቴራ ገባሁ።

ከተማዋ ግራቪና በሚባል ጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። አሮጌው ክፍሏ «ሳሲ» ይባላል፤ ድንጋዮች ማለት ነው። ካቬዮሶና ባሪሳኖ የተባሉ ሁለት ሰፈሮች አሉት፤ በመካከላቸው ካቴድራሉን የተሸከመ ኮረብታ ቆሟል። ቤቶቹ ግማሻቸው ከለስላሳው ዓለት የተፈለፈሉ፣ ግማሻቸው ደግሞ ከዚያው ፍልፍል በወጣው ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ያንዱ ቤት ጣሪያ ለሌላው ደጅ ወይም መንገድ ሆኖ ያገለግላል። የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ጉድጓድ እንዲወርድ ተደርጎ መላው ቁልቁለት እንደ አንድ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ተበጅቷል። በአካባቢው ከዓለት የተፈለፈሉ ከመቶ የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናትም ይገኛሉ። ላሊበላን ያየ ሰው ይህን ሲያይ እንግድነት አይሰማውም።

ያረፍሁበት ሆቴል ሰባት ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው። አውሮፓውያን እንዲህ ያለውን «ቡቲክ ሆቴል» ይሉታል፤ ይኸውም ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ አንዱ ክፍል ሌላውን የማይመስል፣ ባለቤቱ እንግዳውን በስሙ የሚጠራበት፣ ጌጡም ከአካባቢው የተገኘ ማረፊያ ማለት ነው። ዋጋው እንደ ስሙ አላስፈራኝም። የበጋው የጎብኚ ጎርፍ ያለፈበት ወር ስለ ነበረ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለአንዲት ጠባብ ክፍል ከሚጠየቀው ያነሰ ከፈልሁ። መኪና እዚያ ድረስ አይገባም፤ ሻንጣዬን በትከሻዬ አድርጌ ብዙ ደረጃ ወረድሁ።

ክፍሌ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ አንድ ረጅም ዋሻ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩና ከበሩ በላይ ባለች አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ነው። የጠራቢዎቹ መሣሪያ በግድግዳው ላይ የተወው ምልክት ሳይለሰን እንዳለ ቀርቷል። ከአሮጌው የወለል ድንጋይ ሥር የሙቀት ቧንቧ ተዘርግቷል። ዋሻ እርጥበት አያጣምና በአንድ ጥግ እርጥበት የምትመጥ መሣሪያ ቀስ እያለች ታጉረመርማለች። ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ፣ አንድ የእንጨት ወንበር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ከዓለቱ የወጣ የድንጋይ መደብ፤ ከዚህ በቀር ዕቃ የለም። ቴሌቪዥን የለም፤ በግድግዳውም ላይ አንዳች ሥዕል አልተሰቀለም። የድኻው ቤት ስለ ቸገረው ባዶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እንግዳው ባዶነትን ስለ ወደደ ባዶ ሆኗል።

በዋሻው መጨረሻ ከዓለቱ የተፈለፈለ ግርግም አለ። ተወልውሎና ቧንቧ ገብቶለት የእጅ መታጠቢያ ሆኗል። ያን ግርግም ሳይ ቆሜ ቀረሁ።

እኔ የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በሣር በተከደነ ክብ ቤት ውስጥ ነው። ከምሰሶው በስተ ቀኝ እናቴ በጭቃ የሠራችው መደብ፣ በስተ ግራ የጥጆች ጋጣ ነበር። ሌሊት የጥጃ ትንፋሽ እየሰማሁ፣ በትንፋሿ ሙቀት ብርዱን እየረሳሁ አደግሁ። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ግን ጓደኞቼ ስለ ቤታችን በጠየቁኝ ቁጥር «ቆርቆሮ ቤት ነው» እያልሁ እዋሽ ነበር። ደመወዝ ማግኘት በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት ውሸቴን እውነት አደረግሁት። ክቡን ቤት አፍርሼ ለእናቴ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት ሠራሁላት። እርሷ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «ልጄ፣ መደቡን እንኳ ተውልኝ» አለችኝ። «እማዬ፣ መደብ እኮ የድኻ ነው፤ አልጋ እገዛልሻለሁ» አልኋትና አስፈረስሁት።

እንግዲህ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በባዕድ አገር፣ ከግርግምና ከመደብ አጠገብ ለማደር ገንዘብ እየከፈልሁ ነበር።

በማግሥቱ የሌቪን ሥዕል ለማየት ወደ ሙዚየሙ ወጣሁ። ካርሎ ሌቪ የቱሪን ሰው፣ ሐኪም፣ ሠዓሊና ደራሲ ነበር። ፋሺስቶችን በመቃወሙ በ1935 ተይዞ ማቴራ ወዳለችበት ክፍለ አገር ተጋዘ፤ መጀመሪያ ግራሳኖ፣ ከዚያም አሊያኖ በሚባል መንደር ተቀመጠ። የጣልያን ጦር አገራችንን የወረረው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በ1936 አዲስ አበባ በመያዟ የፋሺስቱ መንግሥት በደስታ ምሕረት ሲያደርግ ሌቪም በዚያው ምክንያት ተፈታ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ለእኛ ሐዘን የሆነው ዕለት፣ የእኛን ወራሪ ለሚጠላ ለዚያ ሠዓሊ የእስር ቤቱን በር ከፈተለት። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መራራ ቀልድ ይቀልዳል። ሌቪ ግዞቱን በተረከበት በ1945 በታተመው መጽሐፉ፣ የአካባቢው ገበሬዎች የሐበሻን ጦርነት እንደ ሮማ ሰዎች ጉዳይ እንጂ እንደ ራሳቸው እንዳልቆጠሩት መስክሮላቸዋል።

ማቴራን ለኢጣልያ ሕዝብ ያጋለጠው ይኸው መጽሐፍ ነው። ሐኪም የሆነች እኅቱ ሉዊዛ በሳሲ ስታልፍ ያየችው በመጽሐፉ ውስጥ ተተርኳል። ሰውና እንስሳ ባንድ ዋሻ ያድሩ ነበር። ሕፃናቱ በወባ ነደው፣ ዝንብ ወርሯቸው፣ ከኋላዋ እየተከተሉ የለመኗት ከረሜላ ወይም ሳንቲም ሳይሆን ኪኒን ነበር። ስለዚህ ዛሬ የዋሻውን ውበት የሚያደንቅ ሰው ይህን መዘንጋት የለበትም። ያ ኑሮ ውብ አልነበረም። ሕፃን ይገድል ነበር።

በ1948 የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ቶሊያቲ ማቴራን ጎብኝቶ የአገር ውርደት ናት አለ። በ1950 ደግሞ የፖለቲካ ተቃዋሚው ጠቅላይ ሚኒስትር ደ ጋስፔሪ መጣ። በ1952 ነዋሪዎቹን ከሳሲ የሚያስወጣ ሕግ ወጣ፤ 15 ሺህ ገደማ ሕዝብም በየጊዜው ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወረ። ከመሐንዲሶቹ መካከል ሉዶቪኮ ኳሮኒን የመሰሉ አስተዋዮች ነበሩ፤ እርሱ በነደፋት በላ ማርቴላ መንደር ገበሬው ከነልማዱ እንዲኖር ለማድረግ ብዙ ተደክሟል። ሳሲ ግን ባዶ ቀረ። ፓዞሊኒ በ1964 ያወጣውን የማቴዎስ ወንጌል ፊልም ያነሣው በዚያ ባዶ ድንጋይ መካከል ነው። በ1986 ሌላ ሕግ ወጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ዋሻዎቹን ለሚያድሷቸው ሰዎች እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1993 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገባቸው። በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል ዋና ከተማ ሆነች። የአገር ውርደት የተባለው ሰፈር የዓለም ቅርስ እስኪባል 45 ዓመት ብቻ ፈጀ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ሰዎቹ ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም።

የሌቪ ሥዕል ርዝመቱ ከ18 ሜትር ይበልጣል፤ በ1961 የተሠራ ነው። ጥቁር ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች፣ ፊታቸው እንደ አፈሩ የተሰነጣጠቀ ገበሬዎች፣ በመካከላቸውም በወጣትነቱ የሞተው ባለቅኔ ሮኮ ስኮቴላሮ ይታያሉ። ከፊቱ ቆሜ ያሰብሁት አንድ ነገር ነበር። በሆቴሌ ክፍል ግድግዳ ላይ ያልተሰቀሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ጧት ቁርስ ላይ የሆቴሉ ባለቤት እናት መጡ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ዳቦ ይዘው ነበር፤ የማቴራ ዳቦ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ውስጡ ቢጫ፣ ለብዙ ቀን የማይደርቅ ነው። እኔን አይተው «ፎርኖ» አሉኝ፤ ልጃቸው ልትተረጉም ስትል «ገባኝ፤ እኛም ፉርኖ ዳቦ እንላለን» አልኋት። ስትነግራቸው ሳቁ። ከዚያም ከቦርሳቸው አንድ ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም አወጡ። በድሮ ጊዜ ሊጡ ወደ ሰፈሩ ምድጃ ሲላክ የማን ዳቦ እንደ ሆነ እንዲለይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ማኅተም ያትምበት ነበር። ማኅተሙ የአባታቸው ነው።

የተወለዱት ከሆቴሉ ሁለት ደጅ ዝቅ ባለ ዋሻ ውስጥ ነው። ሰባት ልጆች፣ አባት፣ እናትና አንድ በቅሎ ሆነው ይኖሩ ነበር። ከሰፈሩ የወጡት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአዲሱ ትምህርት ቤት «የዋሻ ልጅ» ሲሏቸው ያለቅሱ እንደ ነበር ነገሩኝ። «ዋሻው ይናፍቅዎታል?» ብዬ አስጠየቅሁ። ጥቂት አስበው «ዋሻውስ አይናፍቀኝም፤ ሁለት ወንድሞቼን በልቷል። የሚናፍቀኝ ደጁ ነው» አሉ። ከስምንት አሥር ቤት በሮች የሚገናኙበትን፣ ሴቶች ከአንድ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱበትን፣ ልጅ በጎረቤት ዓይን የሚያድግበትን ደጅ ማለታቸው ነበር። «አዲሱ ቤት ውኃና መስኮት ነበረው። ነገር ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ የጎረቤቷን ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ትፈልግ ነበር» አሉኝ።

ከዚያም እርሳቸው በተራቸው ጠየቁኝ። «ያንተስ እናት ቤት አለ?»

አርባ ዓመት የዋሸሁበት ጥያቄ ነው። በዚያች ጧት ግን ለመዋሸት አልቻልሁም። «እኔው አፈረስሁት» አልኋቸው። ልጃቸው ስትተረጉም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አልገሠጹኝም። ዳቦውን ቆርሰው ትልቁን ቁራሽ ሰጡኝ።

በሌሎች የኢጣልያ ክፍሎችም ተመሳሳይ ሙከራ አለ። በ1976 በፍሪዩሊ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ የተራቆቱትን የገጠር መንደሮች መልሶ ለማንሣት ሲታሰብ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ «የተበተነ ሆቴል» የሚባል ሐሳብ ተወለደ። በዚህ ሐሳብ መሠረት አዲስ ሕንፃ አይሠራም። አንዱ ባዶ ቤት እንግዳ መቀበያ፣ ሌላው መመገቢያ፣ በየመንገዱ ያሉት መኝታ ይሆናሉ፤ መንደሩ በሙሉ ሆቴል ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ የሚሠራው ግን በመንደሩ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ጎረቤት የሌለበት የተበተነ ሆቴል የተበተነ ባዶነት ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ አንድን ትንሽ ሆቴል የምመዝንበት ሚዛን ተለውጧል። አንሶላው ይንጻ፣ ዋጋው ይመጥን፤ ይህ የሚገባ ነው። ከዚያ በላይ ግን የምጠይቀው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው። እኔ ያደርሁባት ሆቴል መልካም የሆነችው የዋሻዋ ልጅ ዳቦ ይዘው የሚገቡባት በመሆኗ ነው። እርሳቸው ባይመጡ ኖሮ ግርግሙ ያማረ መታጠቢያ ብቻ ሆኖ ይቀርብኝ ነበር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩት ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። እንዲህ ያሉ ቤቶች አንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያ ይሁኑ ቢባል መምህሩም፣ ሠዓሊውም፣ የአስተዳደር ሠራተኛውም ስለ ጣሪያው ክዳን ከመከራከራቸው በፊት በውስጡ የተወለዱትን ጠርተው «ምኑን እንተውላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ድህነትን ማፍረስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከድህነቱ ጋር የሰውየውን ደጅ ማፍረስ ግድ አይደለም።

እናቴ በገዛሁላት አልጋ ላይ ብዙ አልተኛችም። በክረምት ዕረፍት ስሄድ ማድቤቱ ውስጥ በገዛ እጇ ትንሽ መደብ ሠርታ አገኘሁ። ሌሊት ሌሊት እዚያ ታድር ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ፤ እርሷም ምንም አላለችኝም። ዛሬ እርሷ የለችም። በማቴራ የመጨረሻዋን ሌሊት ያሳለፍሁት አልጋውን ትቼ በድንጋዩ መደብ ላይ ተኝቼ ነው። ይቀዘቅዛል፤ ወገብም ያማል። ግን እስኪነጋ ድረስ አልወረድሁም።