ሦስተኛው ዓምድ

ክረምት በደባርቅ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ከተማዋን ሲውጣት ሰው ከቤቱ ይከተታል፤ ሥራ ያጣ እጅም የማይነካ ይነካል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የእኔ እጅ የነካው፣ እንደ ነበረ ቢቀር የሚሻለውን ነገር ነበር።

ቀደም ሲል ለአንድ መሥሪያ ቤት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መስኮትም ሥዕልም የለውም። በጥቁሩ ተርሚናል ላይ ስሙ ሲጻፍ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ በረድፍ በረድፍ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ዓምድ የመዝገብ ቁጥር፣ በሁለተኛው የቀበሌ ቁጥር፣ በሦስተኛው እስከ ቀጠሮው የቀሩትን ቀናት። በዚያ ክረምት «የልጁ ዕድሜ በወር ቢታይስ?» አልሁና አዲስ ዓምድ ከመካከል ሰካሁ። ቀናቱ ወደ አራተኛው ተገፉ። ለዓይን አማረ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ለማን ብዬ?

ዳባት ላይ ግን አንዲት ታናሽ ባልደረባዬ በእኔ ፕሮግራም ላይ የራሷን አጭር ስክሪፕት ጽፋ ኖሯል። «ሦስተኛው ዓምዱ ከሰባት ያነሰውን ሁሉ አውጣ» የምትል ናት። በየሳምንቱ በዚያ ዝርዝር እናቶችን ታስጠራለች። ከለውጡ በኋላ ስክሪፕቷ አልተሰበረችም፤ ብትሰበርማ ደግ ነበር። ቀናት ታነብ የነበረችው ወራት ታነብ ጀመር፤ ከሰባት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሁሉ ተጠራ። ዝርዝሩ እንዲያውም ረዘመ። የረዘመ ዝርዝር ማን ይጠረጥራል? ከውስጡ የጠፉት የዘጠኝ ወር ልጆች ነበሩ፤ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ደግሞ በዘጠኝ ወር ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ሳትጠራ መጣች። ማታ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙን ነክተውታል እንዴ?»

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያም ይበልጥ አመመኝ። የቀሩትን ልጆች ቤት ለቤት ፈልገው ከተቧቸው። ለእኔ ማሳመር ጭቃውን የረገጡት ሌሎች ናቸው።

ዓምድ በአማርኛችን የጽሑፍ ረድፍም ነው፤ ቤት የሚሸከም ምሰሶም ነው። እኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። እርሷ ግን ጣሪያዋን በሁለተኛው ላይ አሳርፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ የበሰሉ ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉ ተመለከትሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጂኤንዩው «ኤልኤስ»፣ ፋይል የሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ ክፍት ቦታ ያለባቸውን ስሞች በትእምርተ ጥቅስ ከብቦ ማሳየት ጀመረ። ለውጡ የሚታየው ግን ውጤቱ ተርሚናል ላይ ለሰው ዓይን ሲወጣ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲፈስ እንደ ጥንቱ ነው። እንዲያም ሆኖ ቅር ያላቸው ብዙዎች ነበሩ። «ጊት» ደግሞ «ፖርስሊን» የሚል አማራጭ አለው፤ በእርሱ የሚወጣው ቅርጽ ለስክሪፕቶች የተገባ ቃል ነው፤ ፕሮግራሙ ቢታደስም ተጠቃሚው ምርጫውን ቢቀይርም አይለወጥም።

እኔም አሮጌውን ቅርጽ ወደ ቦታው መለስሁ። ዕድሜውን «ሰፊ» በሚል አዲስ አማራጭ ሥር አኖርሁት፤ የፈለገ ይጥራው። በዚያም ለየዓምዱ ስም ሰጠሁት፤ ስክሪፕት በቁጥር ሳይሆን በስም እንዲጠይቅ። አንድ ነገር መቅረት ያለበት እንደ ሆነም አስቀድሜ ማስጠንቀቂያ አወጣለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ከመረጃው ጋር እንዳይቀላቀል በስሕተት መልእክት መውጫ በኩል ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ዳባት ስልክ እደውላለሁ።

ያቺ አጭር ስክሪፕት ዛሬም ትሠራለች። በስም እንድትጠይቅ አድርጋ ልታድሳት እንደምትችል ነግሬያት ነበር። «ምን አጎደለችብኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሦስተኛው ዓምድ ቀናቱን ይዞ እንደ ቆመ ነው፤ እኔም አልነካውም።