ሜታው አራት ሰው ነው

ኢንተርኔት ላይ ሲያሸንፍ የከረመው ቀይ ዴኬ ቦንጋ ሲደርስ መሸነፍ ጀመረ። አንድ ካርድ እንኳን አልቀየርኩም። የተቀየረው ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ለማታውቁት፣ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የካርድ ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሰው ፈጥሮት በ1993 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ወጣ። እንደ ተራው ካርታ አንድ ፓኮ በውዘን አንካፈልም። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ20 ሺህ በላይ ከሆኑ ካርዶች መርጦ፣ ቢያንስ 60 ካርድ ያለው የራሱን ዴክ ገጥሞ ይመጣል። ከካርዶቹ ውስጥ "መሬት" የሚባሉ አሉ፤ ሌላውን ካርድ ለመጣል የምትከፍለው ከመሬት በምታገኘው ጉልበት ነው። መሬት ካልወጣልህ እጅህ ላይ ምንም ቢኖር ዋጋ የለውም (ይህን ኢትዮጵያዊ አለመፍጠሩ ይገርመኛል)። ሁለቱም ሰው በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል፣ ዜሮ የገባ ተሸነፈ። እናቴ ስሙን ስትሰማ "አስማት ነው እንዴ?" ስላለች ቤት ውስጥ "ካርዱ" ብቻ ነው የምንለው።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ጨዋታውን የለመድኩት አዲስ አበባ ከቢሮ ልጆች ጋር ነው፤ ሥራው ከቤት መሠራት ሲችል ወደ ቦንጋ ተመለስኩ። 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ካርዱን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ኦሪጅናሉም ዋጋው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ነገሩ ለእኛ አበቃለት። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት እናሳትማለን። ለኦፊሴላዊ ውድድር አይሆንም፣ ለሳሎን ግን በቂ ነው። ወረቀቱን ቆርጠን ተራ ካርታ ላይ እንለጥፋለን። ተራ ካርታ ከነጆከሩ 54 ስለሆነ ለአንድ ዴክ ጀርባቸው የሚመሳሰል ሁለት ፓኮ ያስፈልጋል። ኮፒው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይ መሆኑን የምናውቀው ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ "ቀ" ብለን ስለምንጽፍ ነው።

ተጫዋቾች "ሜታ" የሚሉት ነገር አለ (ቢራው አይደለም)። ሰው በብዛት ምን ዓይነት ዴክ ይዞ ይመጣል የሚለው ነው። የእኔ ቀይ ዴክ የተገጠመው ለኢንተርኔቱ ሜታ ነው። እዚያ ብዙው ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ካርድ በመሰብሰብ ነው የሚያሳልፈው፤ አንተ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ጎብሊን ጋይድ አውጥተህ ወዲያው ትመታዋለህ፣ ላይትኒንግ ቦልት እየወረወርክ ሦስት ሦስት ነጥብ ትቀንስበታለህ፣ ሳይደራጅ ያልቃል።

ቦንጋ ላይ ሜታው አራት ሰው ነው፤ እኔ፣ ቲቸር፣ ሲስተርና አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ። ቲቸር ባዮሎጂ ያስተምራሉ፣ አረንጓዴ ነው የሚጫወቱት፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ጎብሊኖቼ የማያልፉትን ትልልቅ አውሬ ይደረድራሉ። ሲስተር ነርስ ናት። ነጭ ዴኳ ነጥብ ይጨምራል፤ እኔ ሦስት ስቀንስ እሷ አራት ትመልሳለች። ልጁ ሰማያዊ ነው፣ የጣልከውን ካርድ ሳይሠራ ያከሽፍብሃል።

ቲቸር ሽንፈቴን ያስረዱኝ በቡና ነው። ይሄ ካፋ ነው፣ ሌላ ምሳሌ አይጠበቅም። የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ በ1971 (እ.ኤ.አ.) አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ ተመራማሪዎች የሚቋቋሙትን ዛፎች መምረጥ ጀመሩ። 74110 የሚባለው ዘር ከመቱ አካባቢ የተገኘ ነው፣ የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች የተመረጠበት ዓመት ናቸው። "ጥሩ ዘር ነው" አሉኝ። "ግን አንተ ልጅ፣ መቱ ላይ ጥሩ ስለሆነ ጊምቦም ላይ ጥሩ ይሆናል ብሎ የፈረመልህ ማነው?"

ቁጭ ብዬ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ጎብሊኖቹን ቀንሼ ፍሌምተንግ ካቩ ማስገባት ፈልጌ ነበር፤ ሲወጣ አንዱን አውሬ በአራት ነጥብ ይመታል፣ የቲቸርን አጥር ያፈርሳል። ችግሩ አራት መሬት ይጠይቃል። ቀድሜ ከጀመርኩ አራተኛው ዙር ላይ 10 ካርድ አይቻለሁ። ከ60ው 20ው መሬት ከሆነ ከአስሩ ቢያንስ አራቱ መሬት የመሆን ዕድላቸው 44 በመቶ ነው፤ 23 ሲሆን 59 በመቶ። ሦስት መሬት ጨመርኩ። ማንም ብረታ ብረት ስለማይጫወት፣ ብረት መስበሪያዎቹንም ከ15ቱ የጎን ካርዶች አወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ሒሳብ ነው፣ ደስ ይላል።

የሲስተር ጉዳይ ግን ሒሳብ አልነበረም። ስከልክራክ የሚባል ካርድ አለ፤ በዚያ ዙር ማንም ነጥብ እንዳይጨምር ይከለክልና ሦስት ነጥብ ይቀንሳል። መቶ ሰው በሚመጣበት ውድድር እንዲህ ዓይነት ካርድ ብታስገባ ያነጣጠርከው በአንድ የዴክ ዓይነት ላይ ነው፣ ማንንም አይከፋውም። አራት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ግን ነጥብ የሚጨምረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ካርዱን ማሳተም ስሟን ጽፎ እንደማሳተም ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አምስተኛ ሰው ነበረን፣ ባንክ የሚሠራ። የልጁ ሰማያዊ ዴክ አምስት ቅዳሜ ተከታትሎ አነቀው። ስድስተኛው ቅዳሜ "ሥራ በዛብኝ" ብሎ ቀረ፣ በዚያው ቀረ። አንድ ሰው ደግሞ ከቀረ ሦስት ነን፤ ሦስት ሰው ሲሆን አንዱ ሁልጊዜ ተመልካች ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ለመመልከት የሚመጣ የለም። በዚያ ላይ ሲስተር የዝውውር ማመልከቻ አስገብታለች። በመጨረሻዎቹ ወራቷ ላይ ሆን ብዬ የምደቁሳት ሰው መሆን እፈልጋለሁ ወይ?

ሁለት አሳተምኩ። አራት ይፈቀዳል፤ ሁለት ያልኩት ለሒሳቡ ነው ብላችሁ እመኑኝ።

ያ ቅዳሜ ሲስተር ሦስት ነጥብ ቀርቷት ነበር። ሰባት የሚጨምርላትን ካርድ ጣለች። መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር የምንጫወተው። ስከልክራኩን አስቀመጥኩ። ወደ ሻማው አስጠግታ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

"ቲቸር ላይ ምን ያደርጋል?"

"ሦስት ነጥብ።"

"ልጁ ላይስ?"

"ያው ሦስት።"

"እንግዲያው የኔ ነው።" ካርዱን ለቲቸር አሳለፈች። ቲቸር መነጽራቸውን አውጥተው አዩና ምንም አላሉም። ልጁ ሻማውን ያስተካክል ጀመር። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር፣ ጠጣችና በጊዜ ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ ቴሌግራም ላይ አልጻፈችም። ዓርብ ማታ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ባለቤቱ "ያቺ ነርስ የላከችውን አብረህ ትወስድላታለህ?" አለኝ። አልወሰድኩም፣ አላየሁምም።

ቅዳሜ መጀመሪያ የደረሰችው እሷ ናት። ነጥብ የሚጨምሩትን ግማሹን አውጥታለች። በቦታቸው ሴራ ኤንጅል ገብታለች፤ ትበራለች፣ አራት ትመታለች፣ አራት ትችላለች። ላይትኒንግ ቦልት ሦስት ብቻ ስለሆነ አይገድላትም። ሁለቱ ስከልክራኮች እጄ ላይ እንደታቀፍኳቸው ተሸነፍኩ።

"ምነው? መድኃኒቱ አልሠራም?" አለች ካርዶቿን እየበወዘች።

ሁለተኛውን ዙር በፍሌምተንግ ካቩ አሸነፍኳት፣ ሦስተኛውን ወሰደችው። ልጁ የሁለታችንን ለውጥ አይቶ በሳምንቱ የራሱን ቀየረ። ቲቸር ብቻ አልቀየሩም፤ "ዛፍ ነቅሎ መትከል በየሳምንቱ አይሆንም" ይላሉ። እንዲህ አራት ወር ሄድን።

ዝውውሩ ወጣ፣ ጅማ። ሲስተር ሄደች። አሁን አንድ የጎረቤት ልጅ እያስተማርን ነው፤ ጥቁር ነው የሚወደው፣ ነጥብ የሚጨምር የለውም። ስለዚህ ስከልክራኮቹን ከዴኬ አወጣሁ። የጎን ካርዶቹ ውስጥ ግን አሉ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች።