መሳለሚያው

ደራ ውስጥ ካለችው ከአንበሳሜ ተነሥቶ፣ ጣና ዳር ያለችውን ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስን በእግሩ ሄዶ የተሳለመ ሰው ዛሬ ቢፈለግ ከሽማግሌዎች ዘንድ ነው የሚገኘው። እኔም ወደዚያው እየተጠጋሁ ነው። ያን ጊዜ ግን፣ በ1964 ዓ.ም. ኅዳር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ።

ዓርብ ኅዳር 16 ዶሮ ሳይጮህ እምዬ ቀሰቀሰችኝ። አያቴን እንዲያ ነበር የምንጠራት። ማግሥቱ የወለተ ጴጥሮስ በዓል ነው። አጎቴን ንዳድ ይዞ ክረምቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው «ብታድኝልኝ እስከ ደጅሽ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ነበርና ስለቷን ልታገባ ነው። ጾመ ነቢያት ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ ስለሆነ ስንቃችን በሶና የሽምብራ ቆሎ ብቻ ነው። ጧፉንና ዕጣኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛለች፤ ለማንም አትሰጥም።

በዚያ ጉዞ አንድ ያልታሰበ ሰው ነበረ። ባሕር ዳር የሚማረው ታላቅ ወንድሜ የሒሳብ አስተማሪውን ይዞ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። በጃንሆይ ጊዜ ህንዶች በየሁለተኛ ደረጃው ያስተምሩ ስለነበር ለባሕር ዳር ብርቅ አልነበሩም፤ ለአንበሳሜ ግን ነበሩ፤ ሰው ሥራውን ትቶ ሊያየው ወጣ። ከነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይኼኛው ሂንዱ ነው፤ አገሩም ጋንጅስ ወንዝ ዳር ያለችው ቅድስት ከተማቸው፣ እሱ ካሺ የሚላት ባናራስ ናት። እምዬ «አስተማሪ ነው» ከተባለች በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «የኔታ» አለችው፤ የኔታ ሆኖም ቀረ።

ሐሙሲትን አልፈን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ጤፉ እየታጨደ ነበር። አጫጆቹ ቀና ብለው «ለኛም ጸልዩልን» ይሉናል። ከዚያ ወረድ ብሎ አንድ ዋርካ አለ። ከሥሩ ሲቆሙ ጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ከውኃው ፊት ደግሞ የቆራጣ ደን እንደ ጥቁር ጋቢ ተጣጥፎ ይታያል። መሳለሚያው ዋርካው ነው። ባለ በቅሎ ይወርዳል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። በበቅሎ ላይ ተቀምጦ ቆራጣ መግባት ነውር ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ይወርዱ ነበር እያለች እምዬ ታጫውተናለች።

የኔታ ዋርካው ሥር ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ። ሁለቱን በማሰሪያቸው አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠላቸው፣ መሬቱን በጣቱ ነካና ግንባሩን ነካ። እምዬ ዐይኗን ጣለችበት።

«ማን ነገራቸው?» አለች ወንድሜን።

«ማንም።»

«እስቲ ጠይቅልኝ፤ እርስዎ አገርም ደብር አለ ወይ በላቸው።»

ወንድሜ በእንግሊዝኛ እየጠየቀ፣ በአማርኛ እየመለሰ፣ የቀረውን መንገድ በካሺ ወሬ ጨረስነው። ወደ ጋንጅስ የሚወርዱ ከ80 በላይ የድንጋይ መውረጃዎች አሉ አለ። ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ ወርዶ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ይቆማል፣ ፊቱን ወደምትወጣው ፀሐይ አዙሮ በእፍኙ የቀዳውን ውኃ መልሶ ያፈሳል። ከተማዪቱንም ዙሪያዋን የሚዞሯት አሉ፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አምስት ቀን ይፈጃል፣ አምስት ማደሪያ አለው።

«በእግር?»

«በባዶ እግር።»

«እንግዲያማ እግዜርን የሚፈሩ ናቸው» አለች እምዬ፤ ወዲያው ቆሎዋን ዘግና ሰጠችው።

እዚያች ከተማ የሞተ ሰው ዳግመኛ ከመወለድና ከመሞት ያርፋል ሲላትም አልደነቃት። «ቃል ኪዳን ተሰጥቷታላ!» አለች። ምነው ወንድሜ እዚያ ላይ ባቆመ! ሬሳውን ወንዙ ዳር እንጨት ከምረው እንደሚያቃጥሉት ሲተረጉምላት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች። ቆራጣ እስክንገባ ድረስ አልተናገረችም። ማታ ለብቻዬ ጠርታ «ለየኔታ ጸልይለት» አለችኝ።

ስለ ወለተ ጴጥሮስ ያኔ የማውቀው እናት መሆኗን ብቻ ነው። ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበል ትልቅ ሹም የነበረ ባሏን ጥላ የመነኮሰች፣ በስደትና በግዞት የተንገላታች፣ ሰባት ማኅበር ያቆመች፣ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ያረፈች መሆኗን ያነበብሁት ከጎረመስሁ በኋላ ነው። ከዕረፍቷ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ የተጻፈው ገድሏ ዛሬ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናል። ቆራጣም ራሷ ድሮ የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን ያስቀመጡባት።

በዓሉ ሲያልፍ፣ እሑድ ሌሊት፣ ሐይቁ ውስጥ ወዳለው የጣና ቂርቆስ ገዳም ተነሣን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ባለታንኳ በጧት ነው የሚጓዘው። ታንኳዎቹን የሠሯቸው በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው፤ ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ እንደ ነዶ አስረው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ተጉዞ ሲመለስ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ከላይ ሌላ የደንገል እስር አስቀምጠው እዚያ ላይ ያስቀምጡሃል እንጂ መቀመጫህ መራሱ አይቀርም። የሽታውን ነገር ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ እርጥብ ገለባና ዓሣ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እምዬ ወይጦዎች በሠሩት ታንኳ ነፍሷን አደራ ትሰጣለች፣ ከገበታቸው ግን አትቆርስም ነበር። አገሬው ሁሉ እንዲያ ነበር። ትዝታዬን ስወደው ይህን አልወድለትም።

ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባበትም። እምዬ ይህን እያወቀች ነው የመጣችው። ከገደሉ ሥር፣ ታንኳው ውስጥ እንደተቀመጠች፣ የጨርቁን ቋጠሮ ፈታች፣ ግማሹን ጧፍ ለኔ ሰጠችኝ። እኛ ወጣን። የገዳሙ አባቶች ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትሄድ ብዙ መቶ ዓመት እዚህ ኖራለች ይላሉ። አንድ መነኩሴ በኦሪቱ ጊዜ የመሥዋዕት ደም ይቀመጥባቸው ነበር የሚባሉትን የተፈለፈሉ ድንጋዮች አሳዩን፤ ጣታቸውን ከጉድጓዱ አግብተው ደሙ እንዴት ይረጭ እንደነበር በባዶ እጃቸው ረጩልን። የኔታ ጫማውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እጆቹን ገጥሞ ቆመ።

ስንወርድ እምዬ ቶሎ ብላ «ምን አየህ?» አለችኝ።

«ድንጋይ።»

በኩርኩም መታችኝ። ከዚያ ወደ የኔታ ዞራ ያንኑ ጠየቀች፤ እሱ ሲመልስ፣ ወንድሜ ሲተረጉም፣ ታንኳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲሰማ፣ ገዳሙን ያየችው ከአንድ ሂንዱ አፍ ነው።

የኔታ ከአብዮቱ በኋላ አገሩ ገባ። እምዬም ስለቷን እንዳገባች ብዙ ሳትቆይ አረፈች። እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ካሺ ሳነብ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን መጡብኝ። አውራንግዜብ እ.ኤ.አ. በ1669 ያስፈረሰውን የቪሽዋናት ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1780 መልሳ ያሠራችው አሂልያባይ የምትባል ንግሥት ናት። በዚያው በ18ኛው መቶ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠራች ደግሞ የኛዋ እቴጌ ምንትዋብ። እምዬ ብትሰማ «አላልሁህም?» ትል ነበር።

ዛሬ ተሳላሚውም ጎብኚውም ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ነው የሚነሣው፤ አብዛኛውም ዘጌ ደርሶ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ፣ ፎቶውን አንሥቶ ለምሳ ይመለሳል። አልፈርድበትም፤ የእምዬ ጉልበት ሞተር ቢያገኝ አይጠላም ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮት ደንገሉን አስጨንቆታል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት እንኳን ፈረንጁን፣ እኛንም ከመንገድ አስቀርቶናል። ገዳማቱ አሉ። የጠፋው መሳለሚያው ነው። በሞተር ጀልባ የሚሄድ ሰው ከየት ላይ ይወርዳል?

ከሐሙሲት ቆራጣ ድረስ ሌሎችም መሳለሚያዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው። እኔ የማስታውሰው ዋርካውን ብቻ ነው፣ እሱንም በስሙ አይደለም። ደራ ውስጥ መንገዱን በእግሩ የሄደ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሞቹን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ።