በአርቦሬ ስለ ውሃ የተማርነው

ሰው የቤቱን ነገር በደንብ የሚያስተውለው ከቤቱ ርቆ ሲሄድ ነው። እኛም በአዲስ አበባ በቤታችን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ትንንሽ ዓሦች የምናኖር ስንሆን፥ የውሃን ዋጋ ያወቅነው በአርቦሬ ቆላ ነው።

ከመዝገብ ቤት የዕረፍት ፈቃድ ተቀብለን በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ደቡብ ኦሞ ወረድን። የኮንሶን የድንጋይ እርከን አልፈን ወይጦ ከደረስን በኋላ፥ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን አርቦሬ ገባን። አገሩ ሜዳማና እጅግ ሞቃት ነው። ሕዝቡ ከብት ያረባል፤ የወይጦ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስም በረጠበው መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል። የሴቶቹ የዶቃ ድርድር ከሩቅ ያምራል።

ከዚያ በስተ ደቡብ ጨው ባሕር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ቴሌኪና ፎን ሄኔል የተባሉ መንገደኞች በዚያ አገር ሁለት ሐይቆች አይተው፥ ትልቁን በአውስትሪያ አልጋ ወራሽ በሩዶልፍ ስም፥ ጨው ባሕርን በሚስቱ በስቴፋኒ ስም ጠሩአቸው። ትልቁ ዛሬ ቱርካና የሚባለው ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጨው ባሕር ሞልቶ ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የጨው ሜዳ ይሆናል።

በቱርካና፥ ሲያስደነግጡት ውሃ ውጦ እንደ ኳስ የሚነፋ ዓሣ ይኖራል። አራቱ ጥርሶቹ ገጥመው የወፍ አፍ ይመስላሉ፤ መርዝም ስላለበት ለመብል አደገኛ ነው። በቤታችን ያሉት የዚሁ ዓሣ ዘመዶች ሲሆኑ፥ አገራቸው ደቡብ ምዕራብ ህንድ ነው፤ ርዝመታቸውም ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም።

በእንግድነት ያረፍንበት ቤት ጌታ የሆኑት ሽማግሌ የዓሦቹን ሥዕል በስልካችን ባሳየናቸው ጊዜ በአስተርጓሚ ጠየቁን።

«ይበሉታልን?»

«አንበላውም፥ አባቴ።»

«ይሸጡታልን?»

«አንሸጠውም፤ ልጆቻችን አይተው ደስ እንዲላቸው ነው።»

«መልካም ነው። ውሃውስ?»

በየሳምንቱ ሩቡን አውጥተን በአዲስ እንደምንተካ ነገርናቸው። «የወጣውስ ወዴት ይሄዳል?» አሉን። በዚያን ሰዓት ልጆች ከአሸዋው ጉድጓድ የቀዱትን ውሃ በጀሪካን ተሸክመው በደጃፉ ያልፉ ነበር። እኛ ግን ወደ ቦይ እንደምንደፋው ለመናገር አፍረን ዝም አልን። ሽማግሌውም አልተቈጡንም፤ ለእንግዳ ከዚያው ውሃ በቅል ቀድተው ሰጡን።

ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ ነገሩን መረመርን። መጀመሪያ የገዛናቸው ሦስት ዓሦች በሳምንት ውስጥ የሞቱት በእኛው ጥፋት ነበር፤ የቧንቧውን ውሃ በሞላንበት ቀን ጨምረናቸው ነበርና። በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን በመድኃኒት ሊወገድ ይገባል። ደግሞም ከዓሣው ኵስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ረቂቃን ተሕዋስያን በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ብርድም ስለሚጎዳቸው ውሃው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ሣጥኑን በብርድ ልብስ እንሸፍነዋለን። ምግባቸው ትንንሽ ቀንድ አውጣና ትል ነው። የሌላውን ዓሣ ክንፍ ስለሚነክሱ ለብቻቸው ይኖራሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ምክር ይህ ነው፤ ይህ ትንሽ ዓሣ ለሽያጭ ብዙ ስለሚጠመድ በአገሩ ቍጥሩ እንዳይመናመን ያሰጋል፤ ስለዚህ የሚገዛ ሰው በቤት የተራባ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። የሰለቸውም ወደ ወንዝ አይልቀቀው።

እኛ ደግሞ ከአርቦሬ ከተመለስን ወዲህ ከሣጥኑ የሚወጣውን ውሃ ለጓሮው ጐመን እናጠጣለን። የዓሣው ኵስ ለተክል ምግብ ነውና ጐመኑ ለምልሟል። ታናሿ ልጃችን ባልዲውን ይዛ በወጣች ቍጥር፥ በዚያ ቆላ በቅል የተሰጠን ውሃ ትዝ ይለናል።