ወደ አረርቲ በአዲስ አበባ በኩል

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ የአረርቲ መኪና የት እንደሚቆም ስጠይቅ፣ ረዳቱ ልጅ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አዲስ አበባ ግባና በሞጆ አድርገህ ውጣ» አለኝ። የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። አረርቲ የሰሜን ሸዋ ዞን ከተማ ናት፤ የዞኑ መቀመጫ ደግሞ የቆምኩባት ደብረ ብርሃን። አለቃዋን ለመጠየቅ የአገሪቱን ዋና ከተማ አቋርጣ የምትመጣ ከተማ አለች እንዴ? ልጁ ግን አልዋሸኝም። ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ወረድኩ፣ ሞጆ ደረስኩ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጠፍኩ።

ካርታ ዘርግቶ ላየው ነገሩ ይገባዋል። አረርቲ መቀመጫው የሆነችለት የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ከአማራ ክልል ወደ ደቡብ የወጣ ምላስ ነው። በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ኦሮሚያ ይዞታል፤ ከወገኑ ጋር የሚያያይዙት በሰሜን ያሉት ሀገረ ማርያምና ከሰም እንዲሁም በረኸት ወረዳዎች ብቻ ናቸው። እዚያም ቢሆን የከሰም ወንዝና ገባሮቹ የቆረጡት ገደል አለ። እንዲህ ያለ ነገር በሌላም አገር አለ፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የፋሲካ ደሴት ራሷን የቻለች የቺሊ አውራጃ ናት፤ የምትቆጠረው ግን ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው የቫልፓራይሶ ክልል ነው። እነሱን የለየው ባሕር ነው፣ እኛን ገደል።

ከሞጆ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ይህን ሳወራ ሳቁ። «ልጄ፣ ድሮስ መች በደብረ ብርሃን ነበርን? በጃንሆይ ጊዜ አውራጃችን የረርና ከረዩ ነው። ሙግት ያለው ናዝሬት ይወርዳል» አሉኝ። ለእሳቸው አውራጃ ማለት በቅሎ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። በቅሎዋ ዛሬ አይሱዙ ሆናለች፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ጤፉ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ፋይሉ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ባሕር ዳር ይወጣል።

ጤፉን ካነሣሁ አይቀር፣ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ወርቅማ ሆኖ ተኝቷል፣ በየመሐሉ ክምር ጉብ ጉብ ብሏል። አንድ አውድማ ዘንድ ወረድኩ። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ለስልሷል፤ በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ፣ አንድ ጎልማሳ በመንሽ ገለባውን ያነሣል። ነፋስ ጠፍቶ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ሲመጣ ማንም ምንም ሳይል ላይዳው ተነሣ፣ ገለባው ወደ ጎን በረረ፣ ፍሬው ከእግራችን ሥር ዘነበ። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁበት፤ ከላይ ፀሐይ አሙቆታል፣ ከውስጥ ቀዝቃዛ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወፍጮ ቤቶች «የምንጃር ነው» ሲሉ የሚጨምሩትን ዋጋ ያን ቀን ይቅር አልኩ። (ስንቱ እውነተኛ የምንጃር እንደሆነ ግን እነሱ ያውቃሉ።)

ከጤፉ ጎን ያለው ዋልካ መሬት ሽምብራ ለብሷል። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚያድግ፣ ዝናብ የማያስቸግር እህል ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላወጣው ነጭ ሽምብራ «አረርቲ» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ኋላም ሌላ ዝርያ «ምንጃር» ብሎታል። ስለዚህ የከተማዋን ስም ጭራሽ አይቷት የማያውቅ ገበሬ ዘርቶታል።

ይህ ሁሉ በረከት ያለበት አገር ዋና ችግሩ ውኃ ነው። ወንዞቹ ገደል ውስጥ ናቸው፣ ሰዉ ሜዳ ላይ ነው። ገበሬው ታዲያ ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ፣ ወለሉን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኖ የክረምቱን ጎርፍ ያስቀራል፤ በዚያ ውኃ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል። አንዱን ኩሬ ሳይ አጥሩ በእሾህ ተከቧል፤ ልጅና ጥጃ እንዳይገባበት ነው አሉኝ።

የድሮ ነጋዴ መውጫ ዳገት የነበረችውን ባልጪን በአጭሩ አየሁ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከሐረር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ያን ዳገት ወጥቶ ነበር ሸዋ የሚገባው። ሐዲዱ በሞጆ ሲያልፍ ዳገቱ ሥራ ፈታ። የሸንኮራ ዮሐንስ ፀበል ግን ሥራ አልፈታም። ለፀበሉ የመጣ ሰው ብዛት፣ ያ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን! አንዲት እናት ከአዲስ አበባ መጥተው ሁለት ሳምንት መሰንበታቸውን ነገሩኝ። ለመምጣት እሳቸው ገደልም ዞንም አልቆጠሩም።

አረርቲ ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ኅዳርን ወይም ታኅሣሥን ይምረጥ፤ አውድማ ሲያይ ይውረድ፣ «ይግቡ» ሲሉት አይግደርደር። ከደብረ ብርሃን የሚነሣ ከሆነም ከረዳቱ ጋር አይከራከር፤ አዲስ አበባ ይግባና በሞጆ ይውጣ።