በቁንዶ በርበሬ የመጡ እንግዶች

የህንዷ ኮቺ ላይ የመጀመሪያው ሽንፈት የገጠመኝ ገና ከሆቴሉ በር ሳልርቅ ነው። ሦስት እግሯን ተክላ የቆመች ባጃጅ አየሁና እንደ አገሬ ልማድ "ባጃጅ!" ብዬ ተጣራሁ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ ሌላ ሰው የጠራሁ መስሎት ወደ ኋላውም ተመለከተ። እኔ የጠራሁት ለካ የፋብሪካውን ስም ነው፤ እነሱ "ኦቶ" ነው የሚሏት። ባጃጅ ከሚሠራበት አገር ድረስ ሄጄ ባጃጅ ስል የሚሰማኝ ልጣ?

"ፎርት ኮቺ ትወስደኛለህ?" ስለው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። እምቢ ማለቱ ነው ብዬ ሌላ ፍለጋ ስሄድ ከኋላዬ ጡሩምባውን ነፋብኝ። መወዝወዙ "እሺ" ማለት ኖሯል! ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህራችን ትዝ አሉኝ። ልክ ስንመልስ እንዲሁ ይወዛወዙ ነበር፤ እኛ ደግሞ ተሳስተናል ብለን ስንቱን ትክክለኛ መልስ ሰርዘናል! የእኔ ትውልድ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ መምህር አያጣም። ብዙዎቹ የመጡት ከዚሁ ከኬረላ ግዛት ነው፤ ኮቺም የኬረላ ወደብ ናት።

የወደቧን ዕድሜ ስጠይቅ የነገሩኝ ስለ ጎርፍ ነው። በጥንት ዘመን ትልቁ ወደብ ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ሙዚሪስ የሚባለው ነበር። የሮም መርከቦች ቁንዶ በርበሬ ሊጭኑ ይመጡበታል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የመርከበኞች መመሪያ ሙዚሪስንም የእኛን አዱሊስንም ይጠቅሳል፤ ሁለቱ ወደቦች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲተዋወቁ ኖረዋል ማለት ነው። በ1341 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የፔሪያር ወንዝ ሞልቶ ሙዚሪስን በደለል ደፈነው ይባላል፤ ኮቺ ላይ ደግሞ የባሕሩን አፍ ከፈተው። የአንዱ ቤት ሲፈርስ የሌላው ይሠራል።

ፎርት ኮቺ ስደርስ ባሕሩ ዳር "ቺና ቫላ"፣ ማለትም የቻይና መረብ፣ ተደርድሯል። አንዱ ብቻውን የጎጆ ቤት ያህላል። እንጨቱ ላይ ትልልቅ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለው ሚዛን ይጠብቃሉ፤ አራት አምስት ሰዎች ገመዱን ሲጎትቱ መረቡ ከውሃ ብድግ ይላል። ስሙ እንደሚነግረን ከፈረንጅ በፊት ቻይኖች እዚህ ነበሩ ማለት ነው? አንዳንዱ አዎ ይላል፤ ሌላው ፖርቹጋሎች ከማካዎ አመጡት ብሎ ይከራከራል። እኔ የታዘብኩት፣ ያ ሁሉ ጉልበት ወጥቶበት የተያዘው ዓሣ ለአንድ ቤተሰብ ራት አለመብቃቱን ነው።

ከመረቦቹ ጥቂት እልፍ ሲሉ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፖርቹጋሎች በ1503 በእንጨት ሠሩት፤ በኋላ በድንጋይ ታነጸ። በ1663 ሆላንዶች ከተማዋን ሲይዙ የራሳቸው አደረጉት፤ በ1795 እንግሊዞች ሲተኩም ወደ እነሱ አለፈ። ዛሬ የደቡብ ህንድ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ማኅበር ይዞታ ነው። ታቦት በሌለበት አገር ቤተ ክርስቲያን እንደ ኪራይ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል!

ከጣሪያው በታች "ፑንካ" ተሰቅሏል፤ ሰፊ የጨርቅ ማራገቢያ ነው። ገመዱ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ውጪ ይወጣል፤ ድሮ አንድ ምስኪን ደጅ ሆኖ ይጎትተው ነበር። ውስጥ ስለ ትሕትና ይሰበካል፤ ነፋሱን የሚሰጠው ሰው ፀሐይ ላይ ነው።

ወለሉ ላይ ደግሞ የተከለለች ድንጋይ አለች። ጽሑፉን ሳነብ ክው አልኩ፦ ቫስኮ ዳ ጋማ! በ1524 በፈረንጆች ገና ዋዜማ እዚሁ ኮቺ ሞቶ እዚህ ተቀበረ። እኛ ይበልጥ የምናውቀው ልጁን ነው፤ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ የገባውን፣ በቀጣዩ ዓመት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እጅ ወድቆ የተገደለውን ክሪስቶቫ ዳ ጋማን። የአባትየው አፅም በ1539 ወደ ፖርቹጋል ስለተወሰደ መቃብሩ ባዶ ነው። ቢሆንም ለልጁ ሲባል አንድ አፍታ ቆምኩ።

ማታንቸሪ በተባለው ሰፈር "የሆላንዶች ቤተ መንግሥት" አለ። በ1555 ገደማ ሠርተው ለኮቺ ንጉሥ የሰጡት ፖርቹጋሎች ናቸው፤ ሆላንዶች ያደሱት ብቻ ነው። ጣሪያ ጠጋኝ ቤቱን በስሙ ሲያስጠራ እዚህ አየሁ። ከጎኑ ያለው የ1568ቱ ምኩራብ ስሙ "ፓራዴሲ" ነው፤ ባዕድ ማለት ነው። እኔም ፓራዴሲ ነኝና ደስ አለኝ።

ልቤን የነካው ግን የዚህ ሰፈር የመስቀል ታሪክ ነው። የኬረላ ክርስቲያኖች ወንጌልን ያመጣልን ሐዋርያው ቶማስ ነው ይላሉ። ፖርቹጋሎች ግን በሮም ሥር ካልሆናችሁ አሏቸው፤ በ1599 ከተደረገው ጉባኤ በኋላም የሱርስት መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። በ1653 ሕዝቡ ማታንቸሪ ላይ ተሰብስቦ ኢየሱሳውያን ለሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ላይታዘዝ ማለ። መስቀሉን መንካት ለሁሉም ስላልተቻለ ገመድ አስረው ያዙት፤ ከጉተታው ብዛት መስቀሉ ጎበጠ ይባላል። "ኩነን ኩሪሽ"፣ የጎበጠው መስቀል፣ ይሉታል። ይህን ስሰማ ጎንደር ያለሁ መሰለኝ። እነዚያው ኢየሱሳውያን በእኛም አገር አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አድርገው ያ ሁሉ ደም ፈስሷል፤ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት ተመለሰ፤ ቀጥሎም አፄ ፋሲል አባረሯቸው። ፓትርያርካቸው ሜንዴዝም ዞሮ ዞሮ የገባው እዚሁ ህንድ፣ ጎዋ ነው። ከእነዚያ ገመድ ያዦች ወገን የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ዛሬ የእኛ ተዋሕዶ እህት ናት፤ በ1965 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ አዲስ አበባ ላይ አብረው ጉባኤ ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ጠዋት "አፓም" ቀረበልኝ። ከሩዝና ከኮኮናት ተቦክቶ የሚጋገር፣ ዓይን ያለው፣ ለስላሳ! በእጄ ቆርሼ ወጡን ሳጠቅስ የአገሬ ማዕድ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ቅር ያለኝ ከመዳፍ ያልበለጠ መሆኑ ነው።

ከመመለሴ በፊት ከማታንቸሪ የቅመም መደብሮች ሩብ ኪሎ ቁንዶ በርበሬ ገዛሁ። ፖርቹጋል፣ ሆላንድና እንግሊዝ የተጋደሉበት፣ እናቴ ለመከለሻ የምትጨምረው ያው ጥቁር ፍሬ ነው። አዲስ አበባ ስገባ ታሪኩን ከነዘመኑ እያወራሁ ሰጠኋት። ጥቂት ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ አሸተተችና፣ "ልጄ፣ ይሄማ መርካቶም ሞልቷል" አለችኝ።