ለቤት ስልክ የሚሆን ርካሽ መስመር ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «መምህር፣ አገር ቤት ወደ መደበኛ ስልክ ለመደወል የትኛው ይረክሳል?» ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

«የቤት ስልክ ዛሬም አለ እንዴ?» የምትሉ ልጆች ትኖራላችሁ። አለ። የእኛን ቤት ስልክ አባቴ ዓመታት ተራ ጠብቆ ነው ያስገባው። በ1998 መጀመሪያ ላይ ቁጥሮች ሲረዝሙ አዲሱን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ግድግዳው ላይ ጻፈው፤ እኔም በቃሌ የያዝኩት ያኔ ነው። ከተማችንን አልጠራም፣ በ058 ይጀምራል ካልኳችሁ ይበቃል። ስሸሽ ሞባይሌ መንገድ ላይ ቀረ። ቡቲዬ ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቁጥር እሱ ብቻ ነበር።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በቴሌግራም እና በኢሞ በነፃ የምናወራው ሁሉ ቀረ። የቤታችን ስልክ ግን፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ይጮህ ነበር። እናቴ ደግሞ ሞባይል አትወድም። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

በቀጥታ ከኬንያ ሲም +251 ብሎ መደወል ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ፣ የሳምንት አስቤዛዬን በአንድ ምሽት በልቶብኛል። ሞያሌ ያላችሁ እንደምታውቁት ደግሞ እዚህ ርካሹ መስመር ከማዶ የሚመጣው ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስትወጡ የኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ማንንም ሳይጠይቅ ድንበር ይሻገራል። የማዶ ሲም ያለው ሰው ኬንያ ምድር ላይ ቆሞ በአገር ውስጥ ዋጋ ያወራል። ነጋዴውም ሾፌሩም ሁለት ሲም ይዞ ነው የሚዞረው። እኔም አንድ ሰሞን ተውሼ ደውያለሁ። ግን ሲም በስም የተመዘገበ ነው። ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው ቤት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማማ በኩል እንደተደወለ ይቀመጣል። ይህ ለነጋዴው ምኑም አይደለም። ለሸሸ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ሲሙን ያዋሰኝን ሰውም ጣጣ ውስጥ ላስገባው ነው ብዬ ተውኩት።

የቀሩት በኢንተርኔት የሚያስደውሉት ኩባንያዎች ናቸው። ብዙዎቻችን የጀመርነው በስካይፕ ነበር፤ እሱም ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ተዘጋ። ሌሎቹ ግን ሞልተዋል። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ ድምፃችሁ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ እዚያ ሲደርስ ለኢትዮ ቴሌኮም ይሰጣል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ቢገባም ሥራው በሞባይል ነው፤ ወደ ቤት ስልክ የሚያደርሰው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለማድረሻውም በደቂቃ ያስከፍላል። ከሁሉም በታች በሆነ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ፣ ጥሪው በበር ሳይሆን በአጥር እየገባ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሲም የተሰካበት ሳጥን አገር ውስጥ ይቀመጥና ከውጭ የመጣውን ጥሪ የአገር ውስጥ አስመስሎ ያስተላልፋል። አዋጅ ቁጥር 761/2004 የወጣው እንዲህ ያለውን ለመከልከል ነው። አንድ ጊዜ በርካሹ ለእህቴ ሞባይል ደወልኩ፤ የታያት የአገር ውስጥ ቁጥር ነበር። የእኔ መስሏት መልሳ ስትደውል የማታውቀው ሰው አነሳና «ማን ልበል?» አላት። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አሁን ሒሳብ ልሥራላችሁ፣ የሒሳብ መምህር ነኝና አትፍረዱብኝ። የዋጋ ሰሌዳው የቤት ስልክን ጠባይ አያውቅም። እኛ ቤት መጀመሪያ የሚያነሳው የጎረቤት ልጅ ነው። እናቴ ጓዳ ናት ወይም ቡና ተጠርታለች፤ ጉልበቷም ያማታል። ስለዚህ ሁለቴ ነው የምደውለው፤ መጀመሪያ «ጥራልኝ» ብዬ እዘጋለሁ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና እደውላለሁ። ለምሳሌ አንዱ ኩባንያ ለደቂቃ 20 ሽልንግ፣ ለማገናኛ 10 ሽልንግ ይጠይቅ፣ የጀመራችሁትን ደቂቃም እንደ ሙሉ ይቁጠር። ሌላው ለደቂቃ 26 ሽልንግ ይበል፣ ግን በሰከንድ ይቁጠር፣ ማገናኛ አይጠይቅ። የመጀመሪያዋ ጥሪ 15 ሰከንድ፣ ሁለተኛዋ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ብትሆን፣ ርካሽ የተባለው 140 ሽልንግ ይወስዳል፣ ውድ የተባለው 115። መስመሩ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ብትደውሉ ደግሞ ርካሹ 200 ይደርሳል፤ ሌላው ከ120 አያልፍም። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሠርቼላቸው ነበር፤ አንዷ «ቲቸር፣ እኛ ግን 20 የሚለውን ነው የምንገዛው» አለችኝ።

እኔም የገዛሁት ያንኑ ነበር። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ማታ ደወልኩ፣ እናቴ አነሳች። ሰላምታው እንደወትሮው አልነበረም፤ ስለ ዝናቡም ስለ ጎረቤቱም አላለችም። «ልጄ፣ አባትህ…» አለችና ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ ተይዟል። ደገምኩት፣ ተይዟል። ንዴት የያዘው ሰው አያስብም፤ ኩባንያው ነው የቆረጠብኝ ብዬ እዚሁ ገጽ ላይ ስሙን ጠርቼ ረጅም ስድብ ጻፍኩ። ብዙዎቻችሁ አጋርታችሁታል።

ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። አራት ሆነው ነው የመጡት፣ ሁለቱ እዚሁ ቡቲዬ የምንኖር ያገሬ ሰዎች፣ ሁለቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች። እህቴ ሌሊቱን በሰው በሰው አፈላልጋ ነው ያገኘቻቸው። አንደኛው ምንም ሳይናገር አልጋዬ ላይ የነበረውን ስልኬን አንስቶ ኪሱ ከተተው። ያኔ ገባኝ።

ከአርባው በኋላ እናቴን ስለዚያች ማታ ጠየቅኋት። «መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ ልጄ? ድምፅህን ስሰማ አፌን ያዘኝ። አስቀመጥኩት። ደግመህ ስትደውል እንዳላነሳው አውርጄ ተውኩት» አለችኝ። መስመሩን ኩባንያው አልቆረጠውም። ልጥፉን ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ፣ ግን እርማት አልጻፍኩም ነበር። ያጋራችሁት ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ኩባንያውን በማያውቀው ነገር ነው የሰደብኩት።

መስመር የቀየርኩት ግን ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ ወሬ መሀል ዝም ማለት አመጣች። አንዳንዴ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ትንፋሿ ይሰማኛል። አዲስ ደቂቃ በጀመረ ቁጥር 20 ሽልንግ በሚቆርጥ መስመር ላይ ዓይኔ ከሰዓቱ አይነቀልም፤ ሁለት ጊዜ «እሺ እማዬ፣ ደህና ሁኚ» ብዬ ዝምታዋን አቋርጫታለሁ። አሁን በሰከንድ የሚቆጥረውን፣ ሒሳቡ በወር የማይቃጠለውን ነው የያዝኩት። ስሙን ኢንቦክስ እነግራችኋለሁ፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል።

ከመግዛታችሁ በፊት በኤምፔሳ መክፈል ይቻል እንደሆነ እዩ፤ አብዛኞቹ የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ፣ በእኛ ወረቀት ደግሞ ካርድ ማውጣት ቀላል አይደለም። እኔ ካናዳ ያለ የአጎቴ ልጅ ነው የሚሞላልኝ። «ብር ላክልኝና ልሙላልህ» የሚላችሁን የማታውቁትን ሰው አትመኑ። መተግበሪያው የስልክ ማውጫችሁን ልይ ሲል አይሆንም በሉት፣ የዘመዶቻችሁ ቁጥር ነው። መጀመሪያ በትንሹ ሞልታችሁ ወደዚያው ቤት ስልክ ሞክሩት። ከ251 በኋላ ደግሞ የ058ን ዜሮ ተዉት፤ በዚህች ዜሮ ምክንያት «አይሠራም» ያላችሁኝ ስንት ናችሁ!

የስልኩን ወርሃዊ ሒሳብ እህቴ በቴሌብር ትከፍላለች። ቁጥሩ ዛሬም በአባቴ ስም ነው፤ ይዛወር ብንላት እናቴ እንቢ አለች። እሑድ ማታ እደውላለሁ። ልጁ ያነሳል፣ እዘጋለሁ፣ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ገና ስታነሳው ሁሌ የምትጠይቀኝ አንድ ነው፤ «እየቆጠረብህ ነው?» ትላለች። «አይ እማዬ፣ ይሄኛው አይቆጥርም» እላታለሁ።